የቅዳሜው ሎሚ

ሎሚው ነው! ሞተሯን በየሳምንቱ የሚገድላት ሎሚው ነው! ሱሎቻና እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ሆኖ፣ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ጣቷን የፊት መብራቱ ሆድ ውስጥ ከተተችና አወጣችው፤ ከዚያ ላሰችው። አዎ ላሰችው፣ እንደ ሕፃን! ጎመዘዛት። ቀና ብላ ጋራዡን፣ መካኒኩን ኡስታድ ቡንዱን፣ እጃቸው ላይ ያለውን ካቻቢቴ አየችና ሳቅም ያልሆነ ለቅሶም ያልሆነ አንድ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። ያን ሁሉ ቅዳሜ እየገፋች የሄደችው፣ ያ ሁሉ ወተት መንገድ ላይ የኮመጠጠው፣ ያ ሁሉ ካንዴላ የተቀየረው በሎሚ! ያውም እናቷ በገዛ እጇ ባሰረችው ሎሚ!

እሺ፣ እሺ። ከመጀመሪያው።

ሱሎቻና፣ ሰፈሩ ሱሎ ነው የሚላት፣ ሕንድ አገር፣ ከላሊትፑር ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ከእናቷና ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ እዚያ አገር እንደ ላም የሚረቡትን ጎሾች ታልባለች፤ ከዚያ ወተቱን በሁለት ትልልቅ ጣሳ ሞልታ ከሞተሯ ግራና ቀኝ ትሰቅልና ከተማ ላለው ጣፋጭ ቤት ታደርሳለች። ድሮ የአባቷ የባቡጂ ሥራ ነበር። እሳቸው ግን አምና ከዚሁ ሞተር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እግራቸውን አንስተው ኮርቻ መሻገር አልቻሉም፤ በረንዳው ላይ ባለው የገመድ አልጋ ተቀምጠው መንገዱን ማየት ሆነ ሥራቸው። ስለዚህ ሥራው የሱሎ ሆነ። “ሴት ልጅ ወተት በሞተር!” እያለ የሚስቅ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰዉ ሳቁ አለቀበት፤ የእሷ ድካም ግን አላለቀላትም።

ድካም ስላችሁ ደግሞ እንዲህ ዝም ብሎ ድካም እንዳይመስላችሁ። ማታ እግሯን ታጥባ ሳትጨርስ እንቅልፍ የሚወስዳት ዓይነት። ሹርባዋን ስትሠራ ክንዷ አየር ላይ የሚቀርባት ዓይነት!

ሞተሯን ደግሞ ሁሉም “አሮጊቷ” ነው የሚላት። ከሱሎ በዕድሜ ትበልጣለች። ኮርቻዋ ተቀዷል፣ አንዱ መስታወቷ ከወደቀ ቆይቷል፣ የፊት መብራቷ ሥር ገመዶቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ላይ የነበረው ጎማ ማን ወስዶት እንደሄደ እግዜር ይወቅ። ቢሆንም ትሄዳለች። ማለት፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ግን! ቅዳሜ ጠዋት የባቡር ሐዲዱ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ትስላለች። ከዚያ ክላክሱን ብትጫኑት እንደታፈነ በግ “ምእ” ይላል፣ መብራቷ የሻማ ጭላንጭል ያህላል፣ አንዴ ትንዘፈዘፍና ጭጭ። ሱሎ የእግር ማስነሻውን ረግጣ ረግጣ፣ ተረከዟ እስኪላጥ ረግጣ፣ ሲያቅታት ያንን ሁለት ጣሳ ወተት እንደያዘች ወደ ከተማ ትገፋታለች። እሁድም ያው ነው። ሰኞ ትንሽ ትሻላለች። ማክሰኞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። አያበሳጭም? ሰው ቢሆን እኮ “ቅዳሜና እሁድ አልሠራም” ብሏል ነው የሚባለው!

“ቅዳሜ የኮከቡ አምላክ የሻኒ ቀን ነው፣” አለች ጎረቤታቸው ራምካሊ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። ራምካሊ በአጥር ያላየችው ነገር የለም። “ሻኒ ደግሞ ከተቆጣ ኮከቡ ከባድ ነው። ዓይን አለባችሁ። ሴት ልጅ ሞተር ላይ ስትወጣ ያላየ አለ?”

“አንቺ ራስሽ በየቀኑ ታዪኛለሽ አይደል ቻቺ?” አለች ሱሎ፣ እንደ አክስት እየጠራቻት።

“እኔማ በፍቅር ነው የማይሽ!”

አማ ግን አልሳቀችም። የሱሎ እናት አማ፣ ያንን ነገር የምትሰማው በሆዷ ነው። በየቅዳሜው ማለዳ አንድ ሎሚና ሰባት አረንጓዴ ቃሪያ በመርፌ ወግታ፣ በወፍራም የጥጥ ክር ሰክታ ሞተሯ ፊት ለፊት ታንጠለጥላለች። ሰፈሩ ሁሉ ያደርገዋል፤ ሱቁም በሩ ላይ፣ ጭነት መኪናውም ግንባሩ ላይ። ክፉ ዓይን መጥቶ ጎምዛዛውንና የሚያቃጥለውን ሲያገኝ እዚያው ይጠግብና ባለቤቱን ይተወዋል። አማ ግን ከሌላው ሰው የበለጠ ምክንያት አላት። ባቡጂ የወደቁበት ሳምንት ትኩሳት ጥሏት ነበርና የዚያን ቅዳሜ ሎሚ አላሰረችም። “አንዲት ቅዳሜ ብቻ፣” ትላለች እስከ ዛሬ ድረስ፣ ሳህን እያጠበችም፣ ጎሽ እያጠበችም። “አንዲት ቅዳሜ ብቻ አመለጠችኝ።” ከዚያ ወዲህ ከግቢው በር አልፋ ሄዳ አታውቅም ማለት ይቻላል።

እና አሮጊቷ ቅዳሜ ቅዳሜ መሞት ስትጀምር አማ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሎሚውን ሁለት አደረገችዋ! በዚያ ላይ እንደ ሰዉ መሪው ላይ አታስረውም፤ “ይወዛወዝና ይወድቃል” ብላ መብራቱ ሥር፣ ገመዶቹ ተጠቅልለው በሚገቡበት “አንገቷ” ላይ ክሩን ዞር ዞር አድርጋ፣ ጫፉን ወደ ቀዳዳው ገፋ አድርጋ፣ በጥርሷ ስባ ነው የምታጠብቀው። እንዲህ ጠብቆ የታሰረ ፀሎት አይታችሁ አታውቁም።

አንድ ቅዳሜ ሱሎ ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች በኋላ እየገፋች ተመለሰች። ወተቱ ኮምጥጦ ጣፋጭ ቤቱ አልተቀበላትም። ጣሳዎቹን አወረደችና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መነሳት የሚባል ነገር አልታያት አለ። ባቡጂ ከአልጋቸው ሆነው አዩዋት።

“ሱሎ።”

“አቤት ባቡጂ።”

“እግርሽን አሳዪኝ እስቲ።”

ተረከዟን ደበቀች። “ምንም አልሆነም።”

“በቃ። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ይቺ ሞተር ከቆመች እሁድ ለቆራሌው ትሰጣለች። ብረቷን ይውሰዳት። ወተቱን በር ድረስ የሚመጣው መኪና ይሰብስበው፤ አንቺም ቤት ተቀመጪ፣ ትንሽ እረፊ። እኔን የሰበረችኝ ይበቃታል፤ ልጄን አትገድልም።”

እስኪ አስቡት። “እሰይ!” ማለት ነበረባት አይደል? መተኛት! ጎህ ሲቀድ ተገላብጦ መተኛት! ግን ሱሎ “እሰይ” አላለችም። ምክንያቱም ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሰናፍጭ ማሳው እስከ ሐዲዱ ድረስ ያለችው ያቺ መንገድ የእሷ ብቻ ናት። ሻሿ ወደ ኋላ ይበራል፣ ማንም “ሱሎ!” ብሎ አይጠራትም፣ ነፋሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል፣ እሷም እየጮኸች ትዘፍናለች። ቀኑን ሙሉ ከሚያደክማት ነገር ሁሉ የማታደክማት ያቺ ብቻ ናት። ቤት መቀመጥ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ላረፈች ሴት ልጅ የጋብቻ ጥያቄ ነው የሚመጣላት።

እሁድ ሳይረፍድ አሮጊቷን እየገፋች ኡስታድ ቡንዱ ጋ ሄደች።

ኡስታድ ቡንዱ ጋራዣቸው መስጊዱ በር አጠገብ ነው፤ ጋራዥ ማለት አንድ ቆርቆሮና አንድ አግዳሚ። ሲያዩዋት ጢማቸውን ይዘው አቃሰቱ።

“ያ ረብ! ደግሞ መጣሽ? እኔና ይቺ ሞተር አብረን ጡረታ መውጣት ነበረብን።”

“ኡስታድ፣ ይሄ የመጨረሻችን ነው። ቆራሌው ሊወስዳት ነው።”

“ካንዴላ ቀይሬያለሁ?”

“ቀይረዋል።”

“ባትሪ?”

“ባለፈው ወር።”

“ቦቢናውንም ከሌላ ሞተር ነቅዬ ሰጥቻታለሁ።” ተቀመጡ። “እንግዲህ የቀረው የእኔን ልብ አውጥቶ መግጠም ነው፤ እሱም ደክሟል።”

“ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ለምን ትቆማለች ግን?”

“ማክሰኞ ስትመጪ ደህና ናት፣ ደህና የሆነ ነገር ምኑን ልጠግን? ዛሬ ታማ አምጥተሻታል፤ ይሄ ጥሩ ነው። በሽተኛ ሳይድን ነው መታየት ያለበት።” አሉና ሁለት ሽቦ የተበየደባት ትንሽ አምፖል ከኪሳቸው አወጡ። “ነይ፣ ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል። አንዷን ጫፍ ባትሪው ላይ አድርጊ፣ በሌላዋ መንገዱን ተከተዪ። እስከምትበራበት ድረስ ጤና ነው፤ የምትደክምበት ቦታ ሌባው አለ።”

ሱሎ ተንበረከከች። ባትሪው ላይ አምፖሏ ቦግ አለች። ፊውዙ ጋ ቦግ። ኮርቻው ሥር ቦግ። በታንከሩ ሥር እያለፈች፣ ሽቦውን በጣቷ እየዳበሰች፣ ጀርባዋ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው፤ ኡስታድ አንዴ “እዚህ ነው!” ብለው የክላክሱን መጫኛ ፈቱና ምንም አልተገኘም፤ ጭራሽ ብሎን ጠፋባቸውና ሁለቱም መሬት ለመሬት እየዳሁ ሲፈልጉ ቆዩ። በመጨረሻ መብራቱ ሥር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው የማሳው ሽቦ፣ ያ ከሞተሯ ብረት ጋር የሚታሰረው፣ እሱ ጋ ስትደርስ አምፖሏ ድንግዝ አለች። ልክ እንደሚተኛ ሰው ዓይን።

“ኡስታድ! እዚህ ጋ!”

መስታወቱን ፈቱ። ወይኔ! የሽቦዎቹ መጋጠሚያ አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደ ኩሬ አልጌ አረንጓዴ! ነካ ስታደርገው ይፈረፈራል፤ ሥሩ ደግሞ ርጥብ ነው። ዝናብ ከዘነበ ስንት ወሩ! ኡስታድ “ውሃ ከየት መጣ?” እያሉ ሲያዩ ሱሎ ርጥበቱን ተከትላ ወደ ቀዳዳው ሄደች። ከቀዳዳው የወጣ ወፍራም የጥጥ ክር። ክሩ ላይ ሁለት የተወጋ ሎሚ። ክሩ እንደ ኩራዝ ክር ጭማቂውን እየመጠጠ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ፣ ወደ ውስጥ።

ያኔ ነው ጣቷን የላሰችው።

ኡስታድ ቡንዱ ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው። “ቅዳሜ አዲስ ሎሚ፣ ሙሉ ጭማቂ! ማሰሪያውም ሽቦውን ይስበዋል። ማክሰኞ ይደርቃል፣ ትድናለች። በአላህ! ስንት ዓመት ስሠራ...” ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ሱሎ አትስቅም ነበር።

“አማ እኮ ናት፣” አለች። “ሞተሯ በቆመች ቁጥር ትጨምራለች። በጨመረች ቁጥር ትቆማለች።”

ኡስታድ የዛገውን ቆረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አዲስ የማሳ ሽቦ በቀጥታ ከአካሏ ብሎን ጋር አሰሩ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ቆርጠው ቀዳዳውን ደፈኑ፣ በናስትሮ ጠቀለሉት። አንድ ርግጫ! አንድ ብቻ! ክላክሱ ጮኸ፣ መስጊዱ በር ላይ የቆመ ፍየል ዘለለ።

“አሁን ስሚኝ፣” አሉ ኡስታድ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። “ጎማ አድርጌበታለሁ፤ ግን ክር መንገድ አያጣም። እዚያው ቦታ ከታሰረ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ። ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት። እኔ እዚህ መስጊድ በር ላይ የምሠራ ሙስሊም ሰውዬ ‘ያበላሸው ያንቺ ሎሚ ነው’ ብላት፣ ነገ ገበያው ላይ ምን ሆኖ እንደሚዞር አላውቅም። ሽቦ እጠግናለሁ ልጄ፤ ወሬ መጠገን አልችልም።”

ቤት ስትደርስ አማ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

“ምን አገኘባት?”

“ሽቦ ላልቶ ነው አማ።”

“ማን አላላው?”

ሱሎ አፏን ከፈተች። የምር ከፈተች! ግን አማ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት፣ ውሃ ያሳበጠው እጇ፣ መርፌ የወጋጋው ጣቷ... “አርጅቶ ነው፣” አለች። “ያረጀ ነገር ይላላል።”

“ያረጀማ ይላላል፣” አለች አማ፣ የራሷን ጉልበት እያሸች።

ሳምንቱ እንደዚያ አለቀና ቅዳሜ መጣ። አማ በመርፌዋ፣ በክሯ፣ በሁለት ሎሚዋ። ባቡጂ አልጋቸው ላይ ተነስተው ተቀምጠዋል፣ እግር ማስነሻውን እንደ ዳኛ እያዩ።

“አማ፣” አለች ሱሎ ቀስ ብላ። “ዛሬ ቢቀርስ?”

የአማ እጅ ቆመ። ፊቷ አመድ መሰለ። “ምን አልሽ?”

“አይ... ማለቴ ከኋላ፣ ጣሳው ላይ ብታስሪው ብዬ ነው።”

“ሰው ሲያይሽ ከፊት ነው የሚያይሽ እንጂ ከኋላ ነው እንዴ? ደግሞ በቅዳሜ! አንቺ ልጅ፣ አንድ ሰው ሰበርኩ፣ ሁለተኛ ልስበር?”

አማ የአሮጊቷ አንገት ላይ አሰረች፣ በጥርሷ ስባ አጠበቀች። ሱሎ አስነሳች። ከመንደሩ የውሃ ጉድጓድ አልፋ፣ ማንም ወደማያያት መታጠፊያ ስትደርስ ቆማ ክሩን በጥፍሯ ፈታችና ሎሚውን ጣሳው እጀታ ላይ ሰቀለችው። ሐዲዱ ጋ ደረሰች። ትንፋሿን ያዘች። አሮጊቷ አልሳለችም። ጣፋጭ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ “ቅዳሜ ነው ዛሬ?” ብሎ ጠየቀ። ስትመለስ መታጠፊያው ላይ ቆማ ሎሚውን ወደ አሮጊቷ አንገት መለሰችው። እሁድም እንደዚያው። ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ መጥቶ “የት ናት?” ሲል ባቡጂ “ሂድ ወንድሜ፣ ዛሬ የለም፣” አሉት። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሱሎ ያላየች መስላ አለፈች።

አበቃ ብላችኋል አይደል? ሱሎም እንደዚያ ብላ ነበር! ቅዳሜ ቅዳሜ መፍታትና ማሰር ትንሽ ድካም ነው፤ ከስንት ድካም ጋር አብሮ ይሄዳል።

ግን አማ ለራምካሊ ነገረቻት። “ሁለቱ ሎሚ ነው ያዳናት!” ራምካሊ ደግሞ ለሰፈሩ። በቃ፣ ሴቱ ሁሉ መጣ። አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለወንድሟ፣ አንዷ ለትራክተር! አማ፣ ከግቢ የማትወጣዋ አማ፣ ውጭ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀመጠች። መርፌዋን እያሳየች “መሪው ላይ አይደለም፣ አንገቱ ላይ፣ ገመዶቹ የሚገቡበት፤ ጠበቅ አድርጊው” እያለች ታስተምራለች። ትቀልዳለች! “ይሄ የባልሽ ሞተር ነው? በሎሚ አይድንም፣ እሱንም አብረሽ አንጠልጥይው!” ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ባቡጂ ከአልጋቸው አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል፤ ሚስታቸው ስትስቅ ካዩ ስንት ጊዜያቸው። “አንዲት ቅዳሜ ብቻ” ማለትም ተወች።

ዛሬ ማለዳ ራምካሊ መጣች። አልቀለደችም።

“የልጄ ሞተር ከቅዳሜ ወዲህ ትስላለች። ክላክሷም ሞቷል። ምራቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሌላ ነገር የለንም። እባክሽ እህቴ፣ አንድ ሎሚ ጨምሪልን።”

አማ እጇን ራምካሊ ትከሻ ላይ አደረገች። እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ ሱሎ አይታት አታውቅም። “አይዞሽ፣” አለቻት። “ሦስት አደርግልሻለሁ።” ከዚያ ዞር አለችና፣ “ሱሎ! ወፍራሙን ክር አምጪልኝ እናቴ።”

ሱሎ ክሩን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ጎሾቹ ገና አልታለቡም፣ እንቅልፏ ዓይኗ ላይ ነው። ብትናገር አማ ሁሉንም ታውቃለች፤ ሴቶቹ ፊት፣ ባሏ ፊት፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ልጇን መንገድ ላይ ያስቀራት የራሷ እጅ እንደሆነ ታውቃለች። ባትናገር ያቺ እርጉዝ ሐዲዱ ላይ ትቀራለች። አማ እጇን ዘርግታ እየጠበቀች ነው፣ ራምካሊም እያየች ነው፣ እና በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?